ገጽ ሠላሳ አራት ላይ የቀረችው ማይነስ

ሰኞ ጠዋት ዶክተሯ ቢሮዬ ገባችና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «ጋሽዬ፣ የገጽ ሠላሳ አራት የእጅ ጽሑፍ አለ?» አለችኝ። «ደህና አደሩ» የለ፣ «እንዴት ሰነበቱ» የለ።

«የየትኛው ገጽ ሠላሳ አራት?» አልኳት፣ የየትኛው እንደሆነ እያወቅኩ።

«የእኛው ነዋ። የየኔታና የኔ።»

እኔ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ፊዚክስ አልተማርኩም፤ የተማርኩት መተየብ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቀመር ተይቤያለሁ። ፖስተኛ ደብዳቤ ሳይከፍት ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ያውቅ የለ? እኔም እንደዚያው ነኝ። ቀመሩ ምን እንደሚል አልናገርም፤ ማን ለማን እንደጻፈው ግን አውቃለሁ።

የኔታ የምትላቸው ያስተማሯትን ፕሮፌሰር ነው። ጡረታ ከወጡ አራት ዓመታቸው ነው። ክፍላቸውን ግን የሚያስለቅቃቸው አልተገኘም፤ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ተቀምጠዋል። ኮምፒውተር አይነኩም። የሚጽፉት በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፤ እኔ እተይበዋለሁ። ኢሜይላቸውም በእኔ ሳጥን ነው የሚገባው፤ አንብቤ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። ዶክተሯ ራሷ ከእኔ ፈጥና ትተይባለች። ይሁን እንጂ መምህሯ በእጅ እየጻፉ የሷ ገጽ በማሽን ተጽፎ ቢመጣ ንቀት ይመስላል ብላ እሷም በእጇ ጽፋ ታመጣልኛለች።

ሦስታችን የምንሠራበት አንድ ሕግ አለን። እስክሪብቶ ይተየባል፣ እርሳስ አይተየብም። እርሳስ የግል ነው፤ ጸሐፊው ለራሱ ያስቀመጠው ማስታወሻ ነው። እኔ እስክሪብቶውን ተይቤ ንጹሑን ቅጂ ለሁለቱም እሰጣለሁ፤ የእጅ ጽሑፉ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ የኔታ በጠርዙ ላይ በእርሳስ «ሽንኩርት፣ ሳሙና» ብለው ጽፈው ተይቤው፣ ለአንድ ስብሰባ ከተላከ በኋላ ነው።

«ካርቶኑ ከላይ ነው» አልኳትና ወንበር ላይ ወጣሁ።

ሥራቸውን ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ እለዋለሁ። ሁለት ሰፈር አለ። አንደኛው ሰፈር ስለ ጥቃቅን ነገር ያጠናል፤ ባዶ የምንለው ቦታ እንኳ ባዶ አይደለም፣ መስክ የሚባል ነገር ሞልቶት ውሃ እንደፈላበት ድስት ክዳን ሲንቀጠቀጥ ይውላል ይላል። ሁለተኛው ሰፈር ስለ ስበት ያጠናል፤ ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ቦታንም ጊዜንም ያጎብጣል ይላል። ሁለቱም ሰፈሮች በየራሳቸው እውነታቸውን ነው። መቶ ዓመት ያህል ጎረቤት ሆነው ግን አልተጋቡም። የኔታ ከመጀመሪያው ሰፈር ናቸው፣ ዶክተሯ ከሁለተኛው። የሚገናኙት ጥቁር ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው፤ ብርሃን እንኳ ከገባ የማይወጣበት ጉድጓድ። ይህ ጉድጓድ ጥቂት በጥቂት እየተነነ ይሄዳል ይባላል። የእነሱ ጥያቄ፣ ሲያንስ ሲያንስ ሄዶ ጨርሶ ይጠፋል ወይስ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል ነው። ስድስት ዓመት አስልተው ይቆማል፣ ትንሽ ፍሬ ይቀራል አሉ። ከሦስት ወር በፊት በታወቀ መጽሔት ታተመ። ኃላፊያችን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፈውታል፤ በአራት መርፌ።

የፊታችን ሐሙስ የቅጥር ኮሚቴው ይሰበሰባል። ዶክተሯ ስድስት ዓመት በኮንትራት ነው የሠራችው፤ ደንቡ ሰባተኛ ኮንትራት አይፈቅድም። ወይ ሐሙስ ቋሚ ትሆናለች፣ ወይ ከሰባት ሳምንት በኋላ መንፈቁ ሲያልቅ ቁልፏን ታስረክባለች። ማኅደሯ ውስጥ ሚዛን የሚደፋው ደግሞ ይኸው ጽሑፍ ነው።

ካርቶኑን አወረድኩት። ገጽ ሠላሳ ሦስት የየኔታ የመጨረሻ ገጽ ነው፣ ሠላሳ አራት የሷ የመጀመሪያ ገጽ። ሁለቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አደረገቻቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጽ አለብኝ። ሁለቱ ሰፈሮች ጊዜንና ቦታን የሚጽፉበት ምልክት ተቃራኒ ነው። የየኔታ ሰፈር ለጊዜ ፕላስ፣ ለቦታ ማይነስ ይሰጣል። የሷ ሰፈር ለጊዜ ማይነስ፣ ለቦታ ፕላስ። ለምን ሲባሉ ሁለቱም «እንዲህ ነው የተማርነው» ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም። ጥፋት የለውም፤ አንዱ አገር በቀኝ ይነዳል፣ ሌላው በግራ፣ ሁለቱም ቤታቸው ይገባሉ። ድንበሩ ላይ ሲደረስ ግን አንድ ሰው መሪውን ማዞር አለበት።

በየኔታ ገጽ ግርጌ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «ከዚህ ወዲያ የሷ ነው። ምልክቱን እሷ ታዙረው።»

በሷ ገጽ ራስጌ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «ከየኔታ የመጣ። አዙረው እንደላኩት ይታሰባል።»

ዶክተሯ ሁለቱንም ሁለት ጊዜ አነበበቻቸው።

«እርሳስ አይተየብም» አልኩ።

«አይተየብም» አለች።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ካርቶን ውስጥ ሦስት ዓመት ከተቀመጠ ግን ይነቅዛል። እውነቱን ለመናገር ያን ገጽ ስተይብ ጣቴ ቆሞ ነበር። ከላይ ያለው ምልክትና ከታች ያለው አልተዋወቁልኝም። ሁለት ዶክተሮች መሀል ገብቼ «ይቅርታ፣ ማይነሷ የት ሄደች?» ልል ነው? እኔ ማን ነኝና! ቀጠልኩ።

«ቅዳሜ ለሐሙሱ ገለጻ ስዘጋጅ» አለች፣ «ሁሉንም በአንድ ምልክት ብቻ አጠር አድርጌ ልሥራው አልኩ። በሁለት ገጽ። አልመጣም። ደገምኩት። አራት ጊዜ ደገምኩት።»

«ምን መጣ?»

«ዜሮ።»

«ጉድጓዱስ?»

«ጉድጓዱማ ድሮ እንደሚባለው ነው የሚሆነው። እኛ የጨመርንበት ነገር የለም። የየኔታ ቁራጭና የኔ ቁራጭ ተደማምረው ነበር እንዲቆም ያደረጉት። ምልክቱ ሲስተካከል አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል።»

ስድስት ዓመት። እኔ ብቻ አርባ ሰባት ጊዜ ተይቤዋለሁ።

ኃላፊው ጋ አብረን ገባን፤ ካርቶኑን የምሸከመው እኔ ስለሆንኩ። ኃላፊያችን የሌዘር ብርሃን ተመራማሪ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ስልክ አለ። አንዱ አይሠራም፤ ሲቆጡ የሚያነሡት እሱን ነው።

«ማይነስ?» አሏት።

«አዎ።»

«አንድ ማይነስ?»

«አንድ።»

«እህቴ፣ አንዲት ማይነስ ይዘሽ ነው ሰኞ ጠዋት የምትመጪብኝ?» ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ዞሮ እኔ ላይ አረፈና ፊታቸው በራ። «የትየባ ስሕተት ነዋ! ጸሐፊያችን ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል።»

በዚህ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ሰው መሆኔ ሲነገር የመጀመሪያዬ ነው።

«የሳቸው ጥፋት አይደለም» አለች። «የተጻፈውን ነው የተየቡት።»

«አይከፋውም። ይከፋሃል?»

«የትየባ ቢሆንማ ምልክቷን መልሰን ውጤቱ እንዳለ ይቀመጥ ነበር። አሁን ውጤቱ ራሱ ሄዷል።»

«ወዴት?»

«ወደ ዜሮ።»

«ዜሮ ስትዪ… ትንሽ ነው?»

«ዜሮ ስል ዜሮ ነው።»

የማይሠራውን ስልክ አነሡት፤ መልሰው አስቀመጡት። «ስሚኝ» አሉ ዝቅ ብለው። «ገምጋሚዎቹ ስንት ነበሩ? ሦስት። አንዳቸውም አላዩትም። እኔም አላየሁትም። አንቺም እስከ ቅዳሜ አላየሽውም። እስከ ዓርብ ያላየሽው ቢሆን ምን ችግር አለው?»

«አሁን እኮ አይቼዋለሁ።»

«እሱ ነው ችግርሽ» አሉ። ከልባቸው አዝነውላት ነበር።

ማክሰኞ የኔታ ጋ ሄድን። በራቸው ላይ ስትደርስ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«የኔታ፣ ጽሑፋችን ላይ ስሕተት አገኘሁ።»

«የማን ስሕተት?»

«የኔ» አለች ቶሎ ብላ።

«ያጋጥማል፣ ልጄ። አሳዪኝ።»

እዚህ ላይ ተያዘች። ስሕተቱን ስታሳይ የሳቸውም ይታያል። አንዴ ወደ ሰሌዳው፣ አንዴ ወደኔ አየች። እኔ ካርቶኑን ከፍቼ ሁለቱን ገጾች ፊታቸው አኖርኩ። የኔታ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ይህ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የእርስዎ» አልኩ።

«አይመስልም።»

«‹ታዙረው› ላይ ያለችው ‹ዙ› የእርስዎ ናት» አልኳቸው። «እንደዚያ እግሯን የሚሰብራት ሌላ ሰው የለም።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» ብለው ተነሡ። ጠመኔ ያዙና ሰሌዳው ላይ ጀመሩ። በራሳቸው ምልክት፣ ከገጽ አንድ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። መሀል ላይ አንድ ጊዜ ዶክተሯ ልትናገር ብላ እጇን ወደ አፏ ስትወስድ አየኋት፤ ቀመሩ ውስጥ አንድ ነገር ዘለው ነበር መሰለኝ። ዋጠችው። ከአራት መስመር በኋላ ራሳቸው አግኝተው ተመለሱ፤ ያ ሁሉ ጊዜ ባከነ። እኔ የተሰበረ ወንበር ላይ በሦስት እግሩ ሚዛን ጠብቄ ተቀምጫለሁ።

መጨረሻ ላይ ዜሮ ጻፉ። በጣም ትንሽ ዜሮ፣ ሰሌዳው ጥግ ላይ። ጠመኔ የነካውን እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉ፤ ኮቱ ጥቁር ነው።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ምን ብዬ፣ የኔታ? ምልክቱን አዙረዋል ወይ ብዬ? እኔ? እርስዎን?»

«አዎ አንቺ! እኔን!»

«እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ሥራሽን የተጠራጠርኩ እንዳይመስልሽ ነዋ» አሉ የኔታ።

ክብደት ቦታን ያጎብጣል ይላሉ። ይሉኝታ ምን ያህል እንደሚመዝን ግን ያሰላ ሰው አልሰማሁም።

«እንግዲህ ጽሑፉን ከመጽሔቱ ማስወጣት አለብን» አለች።

«ይወጣል።»

«ዛሬ ልጻፍላቸው።»

«ዓርብ» አሉ የኔታ።

«ዛሬ ነው የምለው።»

«ዓርብ ነው የምልሽ። ሐሙስ ቋሚ ትሆኛለሽ፤ ዓርብ ጠዋት እኔ ራሴ በስሜ አነሣዋለሁ። ጥፋቱም የኔ ነው ብዬ እጽፋለሁ። እኔን ምን ያደርጉኛል? ጡረታዬን አይወስዱ!»

«በውሸት ወረቀት ቋሚ ልሁን?»

«ወረቀቱ ውሸት አይደለም፣ ስሕተት ነው። ልዩነቱን አስተምሬሻለሁ።»

«አስተምረውኛል። እስከ ቅዳሜ ስሕተት ነበር። አውቀን ዝም ካልን ግን ውሸት ነው።»

የኔታ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከመስኮቱ የሚታየው የጎን ሕንጻ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚያዩት ነገር እንደሌለ ሦስታችንም እናውቃለን። «ያለኔ ፈቃድ አይወጣም» አሉ ለግድግዳው። «ስድስት ዓመትሽን በላሁ፤ ሰባተኛውን አልበላም።»

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ፣ «እምቢ ሲሉ ስሕተቱን አላምን ብለው ይመስለኝ ነበር» አለችኝ። «አምነው እምቢ ይላሉ ብዬ አልጠበቅኩም።»

«እኔም» አልኳት።

ረቡዕ የመጽሔቱን ቅጽ ሞላች፤ የኔ ቢሮ ቁጭ ብላ፣ የሷ ኢንተርኔት ስለተቋረጠ። ቅጹ «ጽሑፉ የሚነሣበት ምክንያት» ይልና ዝርዝር ያወጣል፦ የሰው ሥራ መስረቅ፣ የፈጠራ መረጃ፣ ሁለት ቦታ ማሳተም፣ የደራሲዎች ጠብ። «ተሳስተናል» የሚል የለም። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለገች። በመጨረሻ «ሌላ» የምትለዋን መረጠች። ቅጹም ወዲያው፣ ሌላው ደራሲ ፈቃዱን በኢሜይል እንዲሰጥ ተጠይቋል አለ።

ሌላው ደራሲ እንግዲህ እኔ ነኝ ማለት ነው። ደብዳቤው ሳጥኔ ውስጥ ገባ። ውስጡ «እስማማለሁ» የሚል ሰማያዊ ቁልፍ አለበት። ስንት ዓመት በየኔታ ስም ለስብሰባ እመጣለሁ፣ አልመጣም፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። እሷ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ መስኮቱን አየች። ይጫኑልኝ አላለችኝም። አለማለቷ ከማለት የባሰ ነበር።

በዚህ መሀል እህቷ ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ አብረው ነው የሚኖሩት። ለሐሙስ የሰፋችላትን ግራጫ ኮት በክንዷ አንጠልጥላ መጥታለች።

«ተነሺ፣ ልለካልሽ» አለች፣ መርፌ በከንፈሮቿ ይዛ። «ትከሻሽ ሰሞኑን ወርዷል። ምንድን ነው እንዲህ የጣለሽ?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ እትዬ። ምልክት ነው።»

«አዎ፣ ሰረዟ። ወንድሜ፣ እርስዎ ይፍረዱ። አንዲት ስፌት ብትዘል ሙሉ ቀሚስ ይተረተራል?»

«የቱ ጋ እንደዘለለች ነው» አልኩ።

«አይ፣ እርስዎም ከነሱ ጋር ውለው ተበላሽተዋል።»

«ትከሻው ላይ ብትዘል ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻት ዶክተሯ።

እህቷ መርፌ ሰካች፣ ወደ ኋላ ፈግፈግ ብላ አየች። «ትከሻ ላይ ከሆነ እተረትረዋለሁ» አለች። «ግን ሙሽራዋን ድሬ ነው! ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው እንዴ የሚተረተረው? ሐሙስ ልበሺው፤ ዓርብ እንተርትር።»

«ሁላችሁም ዓርብ፣ ዓርብ። ዓርብ ምን አለ?»

«ዓርብ ቋሚ ነሽ። ቋሚ ስትሳሳት ‹ትሑት ናት› ይባላል፣ ኮንትራት ስትሳሳት ‹ድሮም› ይባላል። ክንድሽን አንሺ።»

ክንዷን አነሣች። እንደዚያ ሁለት ክንዷን ዘርግታ፣ በመርፌ ተሰካክታ፣ እንባዋ መጣ። የሐዘን አይደለም፤ ንዴት ነው። እህቷ መሐረብ ፈለገች፣ አጣች፣ የኮቱን የውስጥ ገበር ሰጠቻት። «በዚህ ጥረጊው፤ አይታይም።»

እነሱ ሲወጡ ብቻዬን ሰማያዊዋ ቁልፍ ላይ አፈጠጥኩ። ከዚያ ኮሪደሩን ሄጄ የኔታ በር ላይ ቆምኩ።

«ደብዳቤው መጥቷል» አልኩ።

«ምን ቀን ነው ዛሬ?»

«ረቡዕ።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉ።

ተመልሼ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት።

ሐሙስ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርኩ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ከነሱ መሀል የተናገሩት ኃላፊያችን፣ ከኬሚስትሪ የመጡ ሴት መምህርና የሰው ኃይል አስተዳደሩ ሰው ናቸው፣ ሁለቱ የመጡት ቁጥር ለመሙላት ነው። ኃላፊው ጽሑፉን አመሰገኑ፤ ሲያመሰግኑ ወደ ጣሪያው ነበር የሚያዩት። ከዚያ ዶክተሯ ተነሣች። ኮቱ ልክክ ብሎባታል።

«የተመሰገነው ጽሑፍ ስሕተት ነው» አለች። «ገጽ ሠላሳ አራት ላይ ምልክት አልዞረም። ትክክለኛው ውጤት ዜሮ ነው። እንዲወጣ ጠይቄያለሁ፤ ገና አልወጣም።»

ኃላፊው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የሰው ኃይሉ ሰው ማኅደሩን አገላበጠ። «እዚህ ታትሟል ነው የሚለው።»

«ታትሟል። ግን ስሕተት ነው።»

«ስሕተት ነው የሚል ደብዳቤ ማኅደሩ ውስጥ የለም።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እኔው ነኝ ስሕተት ነው የምልዎ።»

«በቃልዎ ነው የሚሉኝ» አለ፣ በትሕትና። «ኮሚቴው የሚያየው ማኅደር ነው። ማኅደሩ ደግሞ ይደግፍዎታል።»

«እንግዲያው እንሹማት!» አሉ ኃላፊው ዓይናቸውን ከፍተው።

የኬሚስትሪዋ መምህር እጃቸውን አወጡ። «ባለቤቷ ስሕተት ነው ያለችውን እኛ ልክ ነው ብለን እንዴት እንፈርማለን?»

«ስለዚህ አንሹማት?»

«የታተመ ጽሑፍ ያላትን ሰው ምን ብለን እንከለክላለን?»

እንዲህ ሲሉ አንድ ሰዓት አለፈ። አንዱ ወዲህ ሲል ሌላው ወዲያ፤ መጨረሻ ላይ ተጣፉ። እኔ የጻፍኩት ይህ ነው፦ «ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪቀርብ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ።» ኮንትራቱስ ሲባል፣ የሰው ኃይሉ ሰው ደንቡን አነበበ፤ ሰባተኛ የለም። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ እሷ እዚህ አትኖርም፤ ጉዳይዋ ግን ይኖራል።

ዶክተሯ አመሰገነች። በሩን ስትከፍት የሳበችው በሚገፋው በኩል ነበር።

ዓርብ ጠዋት የኔታ ቢሮዬ መጡ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እኔ ነኝ ወደሳቸው የምሄደው፤ እሳቸው ወደኔ ሲመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ክራቫት አስረዋል።

«ቋሚ ሆነች?»

«አልሆነችም።»

«እንዴት ነው የማትሆነው?»

«ነገረቻቸው።»

«ሳይወጣ?»

«ሳይወጣ።»

የእንግዳ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ እኮ ለሷ ብዬ ነው የያዝኩት» አሉ። «ለሷ ብዬ አይደለም እንዴ?» የሚጠይቁት እኔን አልነበረም። ከዚያ «የት ነው የሚጫነው?» አሉ።

አሳየኋቸው። የደወል ቁልፍ እንደሚጫን ሰው ማውሱን ተጭነው ያዙት።

«ይልቀቁት፣ ሰምቷል።»

«ሰማ?»

«ሰማ። አመሰግናለሁ ይላል።»

«አያመስግነኝ!» አሉና ተነሡ።

ዶክተሯ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ግራጫውን ኮት አልለበሰችም። የኔታ አዩዋት፤ ይቅርታ ሊሏት ፈልገው ነበር፣ ፊታቸው ላይ ይታያል። ከአፋቸው የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ዜሮ ዝም ብሎ አይመጣም» አሉ። «ሁለት ትልልቅ ቁራጭ ሙልጭ ብሎ ሲጣፋ፣ ትርፍራፊ እንኳ ሳይቀር… አስበሽበታል?»

«ከቅዳሜ ጀምሮ ከሱ ሌላ ምን አሰብኩ?» አለች። «ያጠፋቸው አንድ ምክንያት አለ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ሰባት ሳምንት ነው የቀረኝ፣ የኔታ። ከዚያ በኋላ የማስብበት ጠረጴዛ የለኝም።»

«የኔን ትወስጃለሽ።»

«የእርስዎ የተሰበረ ወንበር ነው ያለው።»

«እንግዲያው ቆመን እንሥራ፤ ነይ!»

ካርቶኑን ይዤ ተከተልኳቸው፤ ማንም ና አላለኝም። ሰሌዳው ላይ የማክሰኞው ሁሉ እንዳለ ነው። የኔታ ታችኛውን አጠፉና ጀመሩ። እየተናገሩ ይጽፋሉ፣ እየጻፉ ይናገራሉ፤ ፊታቸው ሲቀላ ዓመት ይቀንሳሉ። ሦስተኛው መስመር ላይ እጇን ወደ አፏ ስትወስድ አየሁ፤ ማክሰኞ እንዳደረገችው። እጇን አወረደችው።

«የኔታ፣ ተሳስተዋል።»

የኔታ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

«ምን አልሽ?»

«ተሳስተዋል። እዚህ ጋ ምልክቱን መልሰው የራስዎን አደረጉት። ሦስተኛው መስመር ላይ።»

«የቱ ጋ?»

«ይችን ነው የምልዎ» ብላ ሄዳ በመዳፏ ጠረገችው።

«በእጅሽ! ጨርቅ የለም እንዴ?»

«የለም! ከመቼ ወዲህ ነው እዚህ ጨርቅ ያለው?»

ያጠፋችበትን ቦታ ረጅም ጊዜ አዩት። ሊያባርሯት ነው ብዬ በሩን ልዘጋ ሄድኩ፤ ኃላፊው ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ብቅ ብለው ነበር።

«ጻፊዋ እንግዲያ!» አሉ የኔታ። ጠመኔውን ግን አልሰጧትም።